ጊታር ሳልችል ጊታር መሥራት፦ የሰባት ሳምንት ማስታወሻ ከጅማ

ግንቦት 4

ጊታሪስት የለንም። ነበረን፤ አዲስ አበባ ገባና በዚያው ቀረ። የአክስቴ ልጅ ዘፈኗን በስልክ ቀድታ ልካልኛለች። ስንኞቹ አማርኛ፣ አዝማቹ ኦሮምኛ ነው። "ጊታር ይኑርበት፣ ደግሞ ኪቦርድ ኪቦርድ እንዳይል" ብላኛለች። እንግዲህ ሥራው ይኸው ነው፤ ጊታር መምታት ሳልችል በኮምፒውተር የጊታር ድምፅ መሥራት።

ያለኝ ዕቃ፦ 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ፣ አንድ ጆሮው አንዳንዴ የሚጠፋ ሄድፎን፣ 25 ቁልፍ ያላት ሚዲ ኪቦርድ፤ የተመታውን ኖታ ለላፕቶፑ በቁጥር የምትነግር ማለት ነው። ከቁልፎቹ ሁለቱ ሞተዋል። ሶፍትዌሩ ሪፐር የሚባል የሙዚቃ መቅጃና ማቀናበሪያ ነው። 60 ቀን ሙሉውን ያስሞክራል፤ ከዚያ በኋላ የቅናሽ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ከዛሬ ጀምሮ እየቆጠርኩ ነው።

ለጊታሩ ነፃ የሳምፕል ስብስብ፣ ማለትም በየኖታው የተቀዳ የእውነተኛ ጊታር ድምፅ፣ አገኘሁ፤ 1.3 ጊጋ። ቀን ቀን ኔቱ አይንቀሳቀስም። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ አወረድኩት። ለፓኬጅ 120 ብር ሄደ።

ዜማው ትዝታ ማይነር ነው። ከኤ ሲነሳ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ይሆናል። ምቱ 6/8፣ ጭክጭካ ነገር፤ በደቂቃ 110 ትልልቅ ምት፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ሦስት ስምንተኛ ኖታ። ያ ማለት አንዷ ስምንተኛ ኖታ 180 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ናት። ይህቺ ቁጥር ወደፊት ታስፈልጋለች።

ግንቦት 6

የመጀመሪያው ሙከራ። ኪቦርዱ ላይ ኤ ማይነርና ኤፍ የሚባሉትን ኮርዶች፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ኖታዎችን፣ ይዤ መታሁ። የወጣው ጊታር የለበሰ ፒያኖ ነው። ሳምፕሉ ጥሩ ሆኖ ሳለ።

ኖታዎቹን ከፍቼ ሳያቸው ምክንያቱ ፊት ለፊት ነው። ሦስቱም ኖታ እኩል ሰከንድ ላይ ይነሳሉ፣ እኩል ይቆማሉ። ቬሎሲቲያቸው፣ ማለትም የተመቱበት ኃይል፣ ሁሉ ከ95 እስከ 105 ነው። ኖታዎቹ ደግሞ ጎን ለጎን ተጠጋግተዋል፤ ሦስት ጣት ኪቦርድ ላይ እንደሚያርፈው ማለት ነው። ጊታር ላይ እንዲህ የተቀመጠ ኮርድ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ግንቦት 9

ሁለት ምሽት በከንቱ ሄደ። ቤት ውስጥ አንድ የድሮ የጊታር መማሪያ ነበር። ኮርዶቹ በኖታ ተጽፈዋል። እንዳሉ ወደ ሪፐር ገለበጥኳቸው። የወጣው የሕፃን መጫወቻ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ነው። ሳምፕሉን ቀየርኩ፤ ያው። ኢኩላይዘር ጨመርኩ፤ ያው።

ለካ የጊታር ኖታ ሲጻፍ በተግባር ከሚሰማው አንድ ኦክታቭ ከፍ ተደርጎ ነው። ሁሉንም 12 ግማሽ ድምፅ ወደ ታች አወረድኩትና ነገሩ ተስተካከለ። አሁን ግድግዳዬ ላይ የስድስቱን ክሮች የሚዲ ቁጥር ለጥፌያለሁ፤ ከወፍራሙ ጀምሮ 40፣ 45፣ 50፣ 55፣ 59፣ 64። ከ40 በታች ኖታ ካየሁ ስህተት ነው ማለት ነው።

ግንቦት 12

ጊታር ተዋስኩ። ልማርበት አይደለም፣ እጅ የት እንደሚያርፍ ለማየት ነው።

ጊታሩ የጋሼ ነው። ጋሼ ሂርማታ አካባቢ በርጩማና ወንበር የሚሠሩ አናጺ ናቸው። በወጣትነታቸው ሆቴል ውስጥ ባንድ ይጫወቱ ነበር። ቦክስ ጊታራቸው ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። "ውሰደው፣ ግን ክሩን ከበጠስክ ትገዛለህ" አሉኝ።

ከመሄዴ በፊት የሠራሁትን በስልክ አሰማኋቸው። ዝም ብለው ሰሙና፣

"ይህን የሚመታው ሰው ስንት እጅ ነው ያለው?" አሉ።

ግንቦት 13

በጠስኩት። የመጀመሪያዋን ቀጭን ክር ስቃኝ መቃኛውን አፕ ሳላምን ዝም ብዬ አጠበቅኳት። ጧ አለች። ጅማ ውስጥ ሦስት ሱቅ ዞርኩ፤ ነጠላ ክር የሚሸጥ የለም። ስድስቱንም ክር የያዘ ጥቅል ካዲስ አበባ በአውቶቡስ አስላክሁ። 850 ብር፣ ላመጣው ልጅ ደግሞ 50። ከ350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ርቃ የመጣች ክር መሆኗን ሳስብ አሁን ስቃኛት እጄ ይንቀጠቀጣል።

ግንቦት 15

የኮርድ አቀማመጥ። ይህ ቀን ብዙ ነገር ቀየረ።

ኤ ማይነርን ጊታሩ ላይ ይዤ እያንዳንዱን ክር ለየብቻ ነካሁ። የሚወጡት 45፣ 52፣ 57፣ 60፣ 64 ናቸው። አምስት ኖታ ነው፤ ወፍራሙ ክር አይመታም። ኤ ሁለቴ አለ፣ ኢ ሁለቴ አለ፣ ሲ አንዴ ብቻ። ኪቦርድ ላይ የሰጠሁት ኤ፣ ሲ፣ ኢ ተጠጋግተው ነበር። ጊታሩ ላይ ግን ከታች ሰፊ ክፍተት አለ። ኤፍ ደግሞ አውራ ጣት አጠገብ ያለው ጣት ስድስቱንም ክር ተጭኖ 41፣ 48፣ 53፣ 57፣ 60፣ 65 ይሰጣል።

እነዚህን ቁጥሮች ብቻ አስገብቼ፣ ሌላ ምንም ሳልነካ፣ ድምፁ ግማሽ መንገድ መጣ።

ችግር የሆነው ሦስተኛው ኮርድ ነው። ዜማው ኢ ላይ ሲያርፍ ኢ ማይነር አስገባሁ። አዝማቹ ላይ ስትደርስ ልጅቷ ሳትሆን ጊታሩ ከቅኝት የወጣ መሰለ። ቆጥሬ ሳይ ኢ ማይነር ውስጥ ጂ አለ። ጂ ደግሞ ትዝታ ማይነራችን ውስጥ የለም። ኢ ማጆር ላድርገው ብል ጂ ሻርፕ ይመጣል፤ ብሶ ቁጭ። ስለዚህ መሃሉን አውጥቼ ኢና ቢ ብቻ አስቀረሁ፦ 40፣ 47፣ 52። ባዶ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሆነም፤ እንዲያውም ክራር ክራር አለ።

ግንቦት 19

ስትራም። ማለትም ክሮቹን በአንድ ምት ከላይ ወደ ታች ወይም ከታች ወደ ላይ መግረፍ።

ፒኩ (የክር መምቻዋ ቁራጭ) ስድስቱን ክር በአንዴ አይነካም፤ አንድ በአንድ ያልፍባቸዋል። በጆሮ እየሞከርኩ የደረስኩበት፦ ጠንከር ላለ ወደ ታች ምት በክርና በክር መካከል 5 ሚሊ ሰከንድ፣ በጠቅላላው 25። ለስለስ ላለው እስከ 50 ይደርሳል። ወደ ላይ ሲመታ ደግሞ እጁ ቀጫጭኖቹን ሦስት ወይ አራት ክሮች ብቻ ነክቶ ይሄዳል። ቬሎሲቲውም ዝቅ ይላል። ለታቹ 100 ገደማ፣ ለላዩ ከ60 እስከ 75 ሰጠሁ።

በእጅ አንድ በአንድ ማንቀሳቀስ ያሳብዳል። ሁለት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ ከሺህ በላይ ኖታ አለ። ሪፐር ላይ ሉዋ በምትባል የኮምፒውተር ቋንቋ ስክሪፕት፣ ማለትም ትንሽ ፕሮግራም፣ መጻፍ ይቻላል። ጻፍኩ። የተመረጡትን ኖታዎች ከወፍራም ወደ ቀጭን ደርድሮ በየ5 ሚሊ ሰከንዱ ይገፋል። ሳስኬደው አንዳንዱ ኖታ ሁለቴ ተገፋ፣ አንዳንዱ ጭራሽ አልተነካም።

አንድ ቀን ተኩል ፈጀብኝ። ችግሩ፣ አንድ ኖታ ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ሪፐር ኖታዎቹን በጊዜ ቅደም ተከተላቸው እንደገና ይደረድራል። ሦስተኛ የነበረው ሁለተኛ ይሆናል። የኔ ስክሪፕት ግን በድሮው ተራ ነው የሚጠራቸው። መፍትሔው ሥራው እስኪያልቅ አትደርድር ብሎ ማዘዝ፣ መጨረሻ ላይ አንዴ ማስደርደር ነው።

ግንቦት 22

ስክሪፕቱ ሠራ፤ ጊታሩ ግን ከከበሮው ኋላ ቀረ። ሰነፍ ጊታሪስት። ምክንያቱ ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ክር ምቱ ላይ አስቀምጬ ሌሎቹን ወደ ኋላ ገፋሁ። ጆሮ ግን ምቱን የሚይዘው ቀጫጭኖቹ ክሮች ሲነኩ ነው፤ እነሱ ደግሞ 25 ሚሊ ሰከንድ ዘግይተዋል። ሁሉንም 15 ሚሊ ሰከንድ ወደ ፊት ሳብኩ። ገጠመ።

ከዚያ ደግሞ ሰው እንዲመስል ብዬ ሂዩማናይዝ የሚለውን ነገር ከፈትኩ። ጊዜውን በዘፈቀደ 20 ሚሊ ሰከንድ ወዲያና ወዲህ። ሰከረ። ሰው የሚሳሳተው በዘፈቀደ አይደለም፤ ጠንክሮ መምታት ባለበት ላይ ጠንክሮ፣ ደከም ባለበት ላይ ደክሞ ነው። ወደ 5 አወረድኩት። ቬሎሲቲውን ግን በእጄ ሞላሁ።

ግንቦት 23

መብራት ሄደ፣ የላፕቶፑ ባትሪ ድሮም የለም፣ የሦስት ሰዓት ሥራ ጠፋ። ሪፐር በየ5 ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ አደረግኩት። ከዚህ በፊት ለምን አላደረግኩትም? አላውቅም።

ግንቦት 26

ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። የተሻሻለውን ሰሙ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያወዛውዛሉ። ቆሙ።

"ሁለተኛውን ምት ወደ ላይ ነው የምትመታው።"

"እንዴት ያውቃሉ?"

"ይሰማላ። ጭፈራው እዚያ ጋ ይወድቃል።"

ልክ ናቸው። እኔ የሠራሁት ታች፣ ላይ፣ ታች፣ ላይ እያለ የሚቀያየር ነው። ለ4/4 ይሠራል። 6/8 ላይ ግን ስድስቱን ስምንተኛ ኖታዎች ስትቆጥራቸው አራተኛዋ፣ ማለትም ሁለተኛው ትልቅ ምት፣ ወደ ላይ በሚሄደው ደካማ ምት ላይ ትወድቃለች። ትከሻ የሚመታበት ቦታ ላይ ጊታሩ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ጋሼ መጋዝ የያዙበትን እጅ በሱሪያቸው ጠርገው ጊታሩን ተቀበሉኝ። ታች-ላይ-ታች፣ ታች-ላይ-ታች። ቀስ ብለው አሳዩኝ። ሦስተኛውን ምት ሳይ ግን ሙሉ ምት አይደለም። ሁለቱን ወፍራም ክሮች ዳሰስ አድርገው እጃቸውን ይመልሳሉ። ከሦስተኛው ታች እስከ አራተኛው ታች ያለው ጊዜ ያቺ 180 ሚሊ ሰከንድ ናት። እጁ በባዶ ወደ ላይ ተመልሶ መድረስ አለበት። ሩቅ ከሄደ አይደርስም። ስለዚህ ሦስተኛው አጭርና ቀላል ነው፤ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ቤት ገብቼ ይህንኑ አስገባሁ። ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ምት ሁለት ኖታ ብቻ፣ ቬሎሲቲ 55። ሌላውን ሁሉ ከነበረበት አልነካሁም። እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። ከወጥ ቤት "ማን መጣ?" አለች። ለዚህ ብቻ ሦስቱ ሳምንት አይቆጨኝም።

ሰኔ 2

ለእያንዳንዱ ክር አንድ ትራክ፣ ማለትም ለብቻው የሚቀመጥ የድምፅ መስመር። ስድስት ትራክ ሆነ።

ምክንያቱ፣ አንድ ክር በአንድ ጊዜ ሁለት ኖታ ማውጣት አይችልም። ሁለተኛው ክር ላይ ሲ እየጮኸ እዚያው ክር ላይ ቢ ከመታህ ሲ ወዲያው ይሞታል። ኪቦርድ ግን ሁለቱንም ይዞ ይቀጥላል፤ ጭጋግ የሚመስለው ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው። ትራኮቹን ለይቼ ሳምፕለሩን (ሳምፕሎቹን የሚያጫውተውን ፕሮግራም) በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ እንዲያወጣ ሳደርገው ጭጋጉ ተገፈፈ።

ላፕቶፑ ግን አቃሰተ። 1.3 ጊጋውን ስድስት ጊዜ ጫንኩበት። ከየትራኩ ያ ክር የማይደርስባቸውን ኖታዎች አስወገድኩ። ተነፈሰ።

ሌላው ችግር መትረየሱ ነው። አንድ ኖታ በተደጋገመ ቁጥር ያው አንድ ሳምፕል ይጫወታል፣ ታ-ታ-ታ-ታ ይላል። ስብስቡ ለእያንዳንዱ ኖታ ሁለት የተለያየ ቅጂ ብቻ ነው ያለው። ተጨማሪ ለማግኘት የጎረቤቱን ኖታ ሳምፕል ወስጄ በግማሽ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ አደረግኩት። ከሁለት ወደ ስድስት ደረሰ። አንድ ግማሽ ድምፅ ስለሆነ ጆሮ አያውቀውም።

ሰኔ 5

የታፈነ ምት ያስፈልጋል። ያ "ጭ" የሚለው፣ ግራ እጅ ክሩን ሳይጫን ዳሰስ አድርጎ ሲመታ የሚወጣው። ስብስቡ ውስጥ የለም። ይህን ለመምታት ጊታር መቻል አያስፈልግም፣ ስለዚህ ራሴ በስልክ ቀዳሁ።

የጅማ ሰኔ ግን ቀልድ አያውቅም። ቤቱ ቆርቆሮ ነው። ማታ 3 ሰዓት ጀመርኩ፣ ዝናቡ መጣ። 6 ሰዓት ላይ ሞከርኩ፣ ዝናቡ አለ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ለሃያ ደቂቃ ያህል ጸጥ አለ። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ፣ ስልኩን ትራስ ላይ አድርጌ 12 ወደ ታች፣ 12 ወደ ላይ ቀዳሁ። ስድስቱ ውስጥ ውሻ አለ። የቀሩት በቂ ናቸው።

እግረ መንገዴን ጣት ወፍራም ክር ላይ ሲንሸራተት የሚያወጣውን ሲጢጥ ቀዳሁ። ደስ ብሎኝ በየኮርድ ለውጡ ላይ ጨመርኩት። አይጥ የገባበት ቤት ሆነ። ያ ድምፅ የሚወጣው ጣት ሽቦ በተጠመጠመበት ክር ላይ ሳይነሳ ሲንሸራተት ብቻ ነው። ጣት ከተነሳ ድምፅ የለም። ከመላው ዘፈን ሁለት ቦታ አስቀረሁ።

ሰኔ 9

ሊድ ጊታር፣ ማለትም ኮርድ ሳይሆን ዜማ የሚመታው። መግቢያው ላይ አጭር ዜማ አለች፤ ቢ ላይ ተመትታ ወደ ሲ የምትጎተት። ፒች ቤንድ፣ ማለትም ኖታውን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ትእዛዝ፣ አስገባሁ። የቁጥሩ መሃል 8192 ነው። ክልሉ ሁለት ግማሽ ድምፅ ከሆነ፣ አንድ ግማሽ ድምፅ ለመውጣት 4096 መጨመር ነው። መስመሩን ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ሳደርገው ሳይረን መሰለ። ጣት ክር ሲጎትት መጀመሪያ ይዘገያል፣ ከዚያ ይፈጥናል፣ ጫፉ ላይ ይረጋል። መስመሩን አጎበጥኩት።

ቫይብራቶውንም፣ ማለትም የኖታውን መንቀጥቀጥ፣ ተሳስቼ ነበር። በኪቦርዱ መንኮራኩር ስሠራው ድምፁ ከኖታው በላይም በታችም ይወዛወዛል። ክር ወደ ጎን ሲጎተት ግን ድምፁ ከፍ ነው የሚለው፣ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከኖታው በታች አይወርድም። የታችኛውን ግማሽ ቆረጥኩት።

ሳይመታ በግራ ጣት ብቻ ለሚወጣው ኖታ ቬሎሲቲ መቀነስ አልበቃም፤ የፒኩ "ጥክ" አሁንም አለ። የሳምፕሉን መነሻ 40 ሚሊ ሰከንድ ያህል ቆርጬ አስጀመርኩት። ጥኩ ጠፋ።

ሰኔ 12

አምፕ፣ የጊታር ድምፅ ማጉያ። ነፃ የአምፕ ፕለጊን (ሪፐር ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) አወረድኩ፣ ስድስቱም ትራክ ላይ አስቀመጥኩ፣ ድምፁን የሚያሻክረውን ዲስቶርሽን ትንሽ ሰጠሁ። ሁለት ነገር በአንዴ ተበላሸ።

አንደኛ፣ ንብ። ማር ያለበት አገር ነንና ቀፎ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ቁርጥ ቀፎ ነው። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5 ሺህ ሄርትዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን አያወጣም፤ እኔ ግን አምፑን ያለ ስፒከር ካቢኔት ነበር የከፈትኩት። የካቢኔቱን ድምፅ የሚያስመስል፣ ኢምፐልስ የሚባል ፋይል ጫንኩ፣ ንቦቹ ሄዱ።

ሁለተኛውን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ኮርድ ሲመታ ኦርጋን ይመስላል። ስድስት ትራክ፣ ስድስት አምፕ። ማለትም ስድስት ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ክር ያላት ጊታር ይዘው ቆመዋል። በእውነተኛ ጊታር ግን ክሮቹ መጀመሪያ ተቀላቅለው ነው አንድ አምፕ ውስጥ የሚገቡት፤ ያ ሻካራ መፋተግ የሚመጣው አብረው ሲጣመሙ ነው። ስድስቱን ወደ አንድ ትራክ ሰብስቤ አምፑን እዚያ ላይ ብቻ አደረግኩ። ላፕቶፑም ደስ አለው።

ዋው-ዋውም ሞክሬ ነበር። ጅማ ውስጥ ሙዚቃ እሠራለሁ ካልክ አንድ ሰው ሙላቱ አስታጥቄን ሳያነሳ አይለቅህም፤ በ1936 ዓ.ም. የተወለደው እዚሁ ነውና። የሱ መሣሪያ ቫይብራፎን ነው ብትል ማን ይሰማሃል። ዋው-ዋው ፔዳል ማለት ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ጠባብ ፊልተር ነው፤ ሪፐር ራሱ እንዲያንቀሳቅሰው በአውቶሜሽን ሠራሁት። ለዚህ ዘፈን ግን በዛበት። አወጣሁት።

ሰኔ 16

ጊታሩን ሰፊ ለማድረግ። ትራኩን ገልብጬ አንዱን ግራ፣ አንዱን ቀኝ ወረወርኩ። አልሰፋም፣ ጮኸ እንጂ። ሁለቱም አንድ ስለሆኑ መሃል ላይ ይቆማሉ። ቀኙን 12 ሚሊ ሰከንድ አዘገየሁ፤ በሄድፎን ሰማይ ሆነ።

በማግሥቱ ወደ ፈረንጅ አራዳ ስሄድ ባጃጅ ውስጥ አስከፈትኩት። ሾፌሩ ልጅ አብሮ አደጌ ነው። ስፒከሩ አንድ ነው። ጊታሩ በቱቦ ውስጥ የሚጫወት መሰለ፣ አጥንቱ ብቻ ቀረ። "ይቺ ናት የሁለት ወር ሥራ?" አለኝ። ግራና ቀኙ ሲደመሩ ከተዘገየው ቅጂ ጋር የሚጣሉ ድምፆች ተሰራርዘዋል። ደግሞ አብዛኛው ሰው ይህን ዘፈን የሚሰማው ባጃጅ ውስጥና በስልክ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን ጊታር እንደ አዲስ ሠራሁ። ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ቬሎሲቲ፣ የሳምፕሉ ተራ የተዛባ፣ ኮርዶቹም አንገቱ ላይ ከፍ ያለ ቦታ የተያዙ። ባጃጅ ውስጥ አለፈ። ከ100 ሄርትዝ በታች ያለውን ቆርጬ ለቤዙ ለቀቅኩ።

ሰኔ 18

ኮርድ ሲቀየር አሁንም የሚቆረቁር ነገር ነበር። በጣም ንጹሕ ነው። ኤ ማይነር እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ይቆያል፣ ኤፍ ከች ይላል። ሰው ግን ጣቱን ለማንሳት ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ከለውጡ በፊት ያለችው የመጨረሻ ወደ ላይ ምት ላይ ግራ እጁ አየር ላይ ነው፣ ክሮቹ ባዷቸውን ይጮኻሉ።

ባዶ ክሮቹን አስገባሁ። ዜማው ተበላሸ፤ ባዶ ክሮቹ ውስጥ ዲና ጂ አሉ፣ ሁለቱም ከቅኝቱ ውጪ። ሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ግን ቢና ኢ ናቸው፣ ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ አሉ። ወደ ላይ ሲመታ ደግሞ መጀመሪያ የሚነኩት እነሱ ናቸው። 59ንና 64ን ብቻ፣ ቬሎሲቲ 50፣ አጭር። ይህቺን የሚሰማት ሰው የለም። ሳወጣት ግን ጎደለች።

ሰኔ 20

የአክስቴ ልጅ መጥታ ዘፈነች። "ከፍ አለብኝ፣ አንድ ድምፅ አውርድልኝ።" አሁን።

ኪቦርድ ቢሆን ቀላል ነው። ጊታር ላይ ግን ከጂ ማይነር ከጀመርክ ኮርዶቹ ሁሉ ሌላ ቦታ ይያዛሉ፤ ያቺ ባዶ ቢና ኢ ጉዳይም ትፈርሳለች። ጊታሪስት ይህ ሲገጥመው ስድስቱንም ክር በአንድ ድምፅ አላልቶ ያንኑ ጣት ይይዛል። እኔም ሁሉንም 2 ግማሽ ድምፅ አወረድኩ። ግድግዳዬ ላይ ያለው ቁጥር አሁን ከ38 ይጀምራል። ሳምፕሉ ግን 40 ላይ ያልቃል፤ ወፍራሙ ክር ሁለት ቦታ ላይ ዝም አለ። የ40ን ሳምፕል ወደ ታች እንዲዘረጋ አደረግኩት። ትንሽ ይደነቁራል። የላላ ክርም ይደነቁራል፣ ይሁን።

ሰኔ 23

ጊታሩን መለስኩ፣ አዲስ ክር ታስሮበት። እስካሁን የወጣው፦ ክር 850፣ ማስላኪያ 50፣ ፓኬጅ በጠቅላላው 460፣ ባጃጅ አልቆጠርኩም። የሪፐር ሙከራ 11 ቀን ይቀረዋል።

ጋሼ ዘፈኑን ሁለቴ ሰሙ። ከዚያ ጊታሩን አንስተው ክሮቹን አላልተው አብረው መምታት ጀመሩ። ታች-ላይ-ታች። መግቢያውን አለፉ፣ ስንኙን አለፉ። አዝማቹ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይቺ ከላይ የምትሰማው በየትኛው ጣት ነው የተያዘችው?"

የኤፍ ኮርድ ላይ ነው። አንዱ ጣት ስድስቱን ክር ተጭኗል። ሦስቱ ጣቶች የየራሳቸውን ይዘዋል። እኔ ደግሞ ለማሳመር ብዬ ቀጭኗ ክር ላይ አምስተኛው ፍሬት (የአንገቱ ክፍል) ላይ አንድ ኖታ ጨምሬያለሁ። ጋሼ ግራ እጃቸውን አዙረው አሳዩኝ፤ ጣት የለም።

"ትንሿን ጣት ከዚህ አንስተህ ካልሆነ አይሆንም" አሉ፣ አራተኛውን ክር እየነኩ።

ላፕቶፑን እዚያው የመላጊያ ጠረጴዛቸው ላይ ከፈትኩት። አራተኛውን ትራክ አገኘሁ። ያቺን ኖታ አጠፋኋት። እንደገና አጫወትኩ፣ እሳቸውም እንደገና መቱ፤ አሁን አልቆሙም።